ስድስት ደቂቃ ያልኩት እኔ ነበርኩ

ለጀማሪ ጋዜጠኞች ሁልጊዜ የምነግራቸው አንድ ነገር አለ፤ ቁጥርን ሁለት ጊዜ ሳታጣሩ አትጻፉ እላቸዋለሁ። ሸዋ ሮቢት ላይ ሳላጣራ ስለጻፍኩት ቁጥር ግን ነግሬያቸው አላውቅም።

የፋይበር መስመር በአስፋልቱ ዳር ተቀብሮ ከተማዋ የደረሰበት ሰሞን ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የገበሬውን የመሬት ይዞታ ደብተር በሙሉ በምስል አስነስተው በአሮጌ ኮምፒውተር ዲስክ ላይ አስቀምጠዋል። በምረቃው ቀን፣ ከዞን በሚመጡት እንግዶች ፊት፣ ይህን ሁሉ በአዲሱ መስመር ወደ ደብረ ብርሃን ሊልኩ አስበዋል። እኔ ለዜናው አንድ ሳምንት ቀድሜ ወረድኩ።

ኃላፊው ሁለት ቁጥር ሰጡኝ። መስመሩ በሰከንድ መቶ ሜጋቢት ያሳልፋል፤ ዲስኩ ላይ ያለው ሠላሳ ስድስት ሺህ ሜጋባይት ነው። በማስታወሻዬ ጀርባ አካፈልኩና ሦስት መቶ ስድሳ ሰከንድ አገኘሁ።

"ስድስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው" አልኳቸው።

"ስድስት ደቂቃ!" አሉ ኃላፊው። "ይኸው፣ የተማረ ሰው ሲመጣ እንዲህ ነው።"

የመሥሪያ ቤቱ ቴክኒሺያን በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። የአሊዩ አምባ ነጋዴ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ዕድሜው ወደ አርባ ይጠጋል፤ የሚሠራው በኮንትራት ሲሆን በዚያው ወር ቋሚ ለመሆን ይጠባበቅ ነበር። ስወጣ ተከትሎኝ ማንጎ የሚሸጥበት ጥላ ሥር አቆመኝ።

"ጋሼ፣ ስድስት ደቂቃ አይበሉ። ልኬቱ የተለያየ ነው። መስመሩን የሚለኩት በፍሬ፣ ዲስኩን በሳጥን ነው ይበሉ። አንዱ ሳጥን ስምንት ፍሬ ይይዛል። ስድስቱን በስምንት ሲያባዙት አርባ ስምንት ደቂቃ ይሆናል።"

"አርባ ስምንትም ቢሆን ጥሩ ነው።"

"እሱም መስመሩ ብቻ ቢሆን ነው። ዲስኩ የሚገናኘው በድሮ ገመድ ነው፤ በሰከንድ አንድ ሜጋባይት ነው የሚያወጣው። ቦዩ ምን ቢሰፋ፣ ከማሳው ጫፍ ያለው ቱቦ ጠባብ ከሆነ ውሃው በቱቦው ልክ ነው። ወላሂ፣ አሥር ሰዓት ሙሉ ይፈጃል። ከዋዜማው ልጀምር ብላቸው፣ እንግዶቹ ታዲያ ምን ሊያዩ ነው አሉኝ።"

የተናገረውን በደንብ ሰማሁት። ግን አልጻፍኩትም። ፍሬና ሳጥን እያልኩ ለአንባቢ የማስረዳበት ቦታ የለኝም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱን ለመናገር ግን ስድስት ደቂቃ የሚለው ርዕስ ላይ ያምር ነበር። ጋዜጣው ወጣ። መጨረሻው ላይ "አንዳንድ ባለሙያዎች ከቴክኖሎጂው ጋር የሚራመድ አመለካከት እንደሚጎድላቸው ኃላፊው ጠቁመዋል" የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ኃላፊው ብለዋል፤ እኔም ስለማን እንዳሉ አውቅ ነበር።

በምረቃው ዕለት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ተጀመረ። በስድስተኛው ደቂቃ ስክሪኑ ላይ የተላከውን መጠን የሚያሳየው መስመር መሙላቱን ገና አልጀመረም ማለት ይቻላል። እንግዶቹ ድንኳኑ ውስጥ በወረቀት እያራገቡ ጠበቁ። አንዱ፣ "ዲስኩን በበቅሎ ብንጭነው ይሄኔ ጣርማ በር ደርሷል" አሉና ሳቅ ሆነ። ምሳ በልተው ሄዱ። ሥራው ያለቀው ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ልክ ቴክኒሺያኑ እንዳለው አሥር ሰዓት ፈጅቶ።

በሦስተኛው ቀን ግምገማ ተጠራ። እኔም ተጋብዤ ከኋላ ተቀመጥኩ። ጋዜጣዬ መድረኩ ላይ ተዘርግቶ አየሁት። ኃላፊው አንብበው ሲጨርሱ፣ "በስድስት ደቂቃ የሚያልቅ ሥራ ቀን ሙሉ ፈጀ። ሆነ ብሎ ነው ወይስ ሳይችል ቀርቶ? ራሱ ይንገረን" አሉ።

የመዝገብ ቤቷ እትዬ እጃቸውን አወጡ። "እኔ እምለው፣ ይሄ ስድስት ደቂቃ ከየት መጣ? አሥር ሰዓት ይፈጃል ሲል እኔም ሰምቼዋለሁ። ጋዜጠኛው እዚሁ ናቸው፤ ለምን አይነግሩንም?"

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ያሰላሁበት ማስታወሻ ኪሴ ውስጥ ነበር። 

"ከሚመለከተው አካል ያገኘሁት መረጃ ነው" አልኩ።

ኃላፊው ወለሉን አዩ። ማን እንዳሰላው ያውቃሉ፤ መልሴ ግን እሳቸውንም እኔንም ከጣጣ አወጣን። ቴክኒሺያኑ ግለ ሂስ እንዲያደርግ ታዘዘና ተነሳ። "ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ። "ለጋዜጠኛው በደንብ አላስረዳኋቸውም።"

ኮንትራቱ ሳይታደስ ቀረ። በማግሥቱ ጠዋት መናኸሪያ መጥቶ አገኘኝ። አልተቆጣም።

"ጋሼ፣ ቅሬታ የማቀርብበት አምስት ቀን ሰጥተውኛል። ቁጥሩን ማን እንዳሰላው ሁለት መስመር ቢጽፉልኝ ይበቃኛል።"

"አዘጋጄን ሳልጠይቅ አልችልም። ጠይቄ እልክልሃለሁ።"

አዘጋጄን አልጠየቅኩም። ለአዘጋጄ ብነግረው ማረሚያ አውጣ እንደሚለኝ አውቅ ነበር፤ ማረሚያ ወጥቶብኝ ደግሞ አያውቅም። በሁለተኛው ቀን ስለ ሽንኩርት ገበያ ጻፍኩ። በአራተኛው ቀን ወረቀት አወጣሁ፤ ቀኑን ጽፌ ተውኩት። በስድስተኛው ቀን ግን ሁሉንም ጻፍኩት፤ መቶውን፣ ስምንቱን፣ አንዷን ሜጋባይት፣ አሥሩን ሰዓት፣ አካፋዩም እኔ መሆኔን። ፈርሜ ወደዚያ ለሚወርድ የሚኒባስ ሹፌር ሰጠሁት። እጄ የተፈታው የቅሬታው ቀን ስላለፈ ነው። ወረቀቱ ከዚያ በኋላ እኔን ሊጎዳኝ አይችልም፤ እሱንም ሊጠቅመው አይችልም።

ከሳምንት በኋላ ካራቆሬ ካለ ሱቅ ደወለልኝ። እዚያ ሬዲዮና ስልክ መጠገን ጀምሯል።

"ወረቀቱ ደርሶኛል፣ ጋሼ" አለኝ። "አይቼዋለሁ። ስሌቱ ልክ ነው።"

ሌላ ነገር እስኪል ጠበቅኩ። ደንበኛ መጣበት መሰለኝ፣ ደህና ይሁኑ ብሎ ዘጋው።