የእህቴ ፍሪጅ

እኔ ፍሪጅ ሠሪ ነኝ። እንጅባራ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ብዙ በማትርቅ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል እሠራለሁ። ባለሥጋ ቤቱም ባለግሮሰሪውም አልቀዘቅዝ ያላቸውን በባጃጅ፣ አንዳንዴም በሸክም ያመጡልኛል። «በዚህ ብርድ አገር ደግሞ ፍሪጅ ለምን ያስፈልጋል?» እያለ የሚቀልድብኝ አይጠፋም። ይቀልድ። እኔ ግን በሥራዬ ሲቀለድ አልወድም፤ ደሜ ቶሎ ይፈላል።

በእኛ ሥራ አንድ ልማድ አለ። ፍሪጁ ተሠርቶ ሲያልቅ አንድ ብርጭቆ ውኃ እናስገባና እናሳድራለን። ጠዋት ባለቤቱ ሲመጣ ብርጭቆውን አውጥቼ ፊቱ እገለብጠዋለሁ። ውኃው ካልፈሰሰ በረዶ ሠርቷል ማለት ነው፤ ሰውየው ይስቃል፣ ይጨብጠኛል፣ ፍሪጁን አስጭኖ ይሄዳል። ስንት ዲግሪ ቀዘቀዘ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔም ለክቼ አላውቅም፤ መለኪያውም የለኝም። በረዶ ከሠራ ሠራ ነው።

ታላቅ እህቴ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ካለ መንደር ከባሏ ጋር ትኖር ነበር። እናታችን ገና በልጅነቴ ስለሞተች እንደ እናት ሆና ያሳደገችኝ እሷ ናት። ትምህርት ቤት ስገባ ከአዊኛ በቀር የማውቀው ቋንቋ አልነበረም፤ አማርኛ እሷ ናት ያስለመደችኝ። ከዚያም በኋላ ስትቆጣኝ በአዊኛ፣ ስታሞግሰኝ በአማርኛ ነበር። ስኳር በሽታ ከያዛት ጀምሮ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋ ነበር። ጠርሙሷን በሁለት መዳፎቿ መካከል ቀስ አድርጋ ታሽከረክራለች፣ ነጩ መድኃኒት ተዋሕዶ እንደ ወተት ሲሆን ትቀዳለች፣ ፊቷን ሳታኮማትር ትወጋለች። አይቻት እኔ ነበርኩ ፊቴን የማዞረው።

መንደሯ መብራት የለውም። ስለዚህ ጠርሙሶቿን የምታስቀምጠው ጓዳዋ ውስጥ፣ እርጥብ አሸዋ በተሞላ ማሰሮ ውስጥ ነበር። አሸዋው መሐል ትንሽ ጣሳ ቀብራለች፤ ጣሳው ውስጥ መድኃኒቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ሆስፒታል ያለችው ነርስ ናት ያስተማረቻት፤ የእናንተ አገር ደጋ ስለሆነ ይህ ይበቃሻል ብላታለች። ይበቃትም ነበር። ለዓመታት አንድ ቀን እንኳ ክፉ አልነካትም።

እኔ ግን ያንን ማሰሮ ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኝ ነበር። የከተማውን ቢራ ሁሉ የማቀዘቅዝ ሰውዬ፣ የገዛ እህቴ መድኃኒቷን አሸዋ ውስጥ ትቀብራለች! ሰው ቢሰማ ምን ይላል እል ነበር። አሁን ሳስበው ያንገበገበኝ የእሷ ነገር አልነበረም። የእኔ ስም ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ከጥሊሊ ወዲህ የነበረ የመንገድ ሥራ ካምፕ ሊነሳ ሲል የንብረት ኃላፊው ጠራኝ። አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ይኖርባት የነበረች፣ አልጋና ምድጃ ያላት ተጎታች መኪና ጎማዋ ተንፍሶ፣ ጎማዋ ሥር ጣውላ እንደገባ ቆማ ነበር። «ውስጧ ፍሪጅ አለ፤ ከጠቀመህ ፈተህ ውሰደው» አለኝ። በመብራትም በጋዝም የሚሠራ ዓይነት ነው። ሞተር የለውም፤ ከኋላው ትንሽ እሳት ትነድና ያቀዘቅዛል። በእሳት የሚቀዘቅዝ ነገር ሰምቼ እንጂ ነክቼ አላውቅም። ያኔ ወዲያው እህቴ ትዝ አለችኝ። ስፈታው ከጎኑ ግድግዳው ላይ የተለጠፈች፣ ግንበኞች የሚይዟትን ውኃ ልክ የምትመስል ትንሽ ብርጭቆ አየሁ። ጌጥ መሰለችኝና ተውኳት።

ፍሪጁን እስከ አስፋልቱ ጠርዝ በባጃጅ፣ ከዚያ በኋላ የእህቴ ባልና ሦስት ጎረቤቶቹ በቀርከሃ ወሳንሳ ተሸክመው አደረሱት። የጋዙ ሲሊንደር በፈረስ ተጫነ። መንደሩ ወጥቶ አየን። እህቴ በሩ ላይ ቆማ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትስቃለች።

«እኔ ደሃዋ ፍሪጅ ላቆም!» አለች።

«አንቺ የማን እህት ሆነሽ ነው?» አልኳት።

አቆምኩት፣ ጋዙን ገጠምኩ፣ እሳቱ ያዘ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ጠበቅሁ። እጄን ሳስገባ ለብ ያለ ነው። በማግስቱም ለብ ያለ ነው። ከኋላው ያለው ቧንቧ እጅ ያቃጥላል፤ ውስጡ ግን እንደ ቁም ሣጥን ነው። በእልህ ፈታታሁት። የእሳቱን አፍ በመርፌ ጠረግሁ፣ የጭስ መውጫውን ጥላሸት አራገፍኩ። አንድ የዳንግላ ባልደረባዬ ስልክ ብደውልለት «ገልብጠህ አሳድረው፣ ውስጡ የረጋ ነገር ካለ ይለቃል» አለኝ። በአናቱ ቆሞ አደረ። ምንም የለም። በየጎረቤቱ «ፍሪጁ ሠራ?» የሚለውን ጥያቄ ላለመስማት ከቤት መውጣት አስጠላኝ። እህቴ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጣ መፍቻ ታቀብለኛለች።

«ወንድሜ፣ ተወው በቃ። ምን አጣሁና» አለችኝ።

«አልተውም!» ብዬ ጮህኩባት። መፍቻውን አቀበለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ለምሳ እጄን ልታስታጥበኝ ውኃ ስታፈስ ጥቂቱ ከሳፋው ውጭ ወረደ። ውኃው በወለሉ ላይ ቀስ እያለ ወደ በሩ ሄደ። አየሁት። በዚያ አገር ቤት ሲሠራ ወለሉ ሆን ተብሎ ወደ በሩ እንዲያዘቀዝቅ ተደርጎ ነው የሚለቀለቀው፤ የታጠበበት ውኃ ጓዳ እንዳይተኛ። የተወለድኩት እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ስለሆነ ወለሉ ዘቅዛቃ መሆኑን ልብ ብዬው አላውቅም። ያኔ ነው የዚያች የመኪናዋ ብርጭቆ ሥራ የገባኝ። ይህ ዓይነቱ ፍሪጅ ውስጡ ያለው ፈሳሽ በራሱ ክብደት ነው የሚዞረው። ካዘመመ ፈሳሹ አንድ ቦታ ይተኛል። መሐንዲሱ ተጎታቿን ሲያቆም ጎማዋ ሥር ጣውላ ያስገባው ለካ ለአልጋው ብሎ አልነበረም።

እህል ሳልቀምስ ተነሣሁ። ከጎረቤት ግንበኛ ውኃ ልክ ተውሼ፣ የባሕር ዛፍ ፍልጥ እየጠረብኩ ከፍሪጁ እግሮች ሥር አስገባሁ፤ በቁመቱም በጎኑም ቀጥ እስኪል። እሳቱን ለኮስኩ። ከዚያም ማስተካከያውን እስከ መጨረሻው፣ ትልቁ እሳት ላይ አዞርኩት፤ ሁልጊዜ የማደርገው እንደዚያ ነው። እህቴ መድኃኒቶቿን ከአሸዋው አውጥታ ስትሰጠኝ፣ ከሁሉ የተሻለው ብርድ ይድረሳቸው ብዬ ከበረዶ ቤቱ ሥር፣ ቀዝቃዛው ብረት ላይ አስጠግቼ ደረደርኳቸው። አጠገባቸው አንድ ብርጭቆ ውኃ አስቀመጥኩ።

ጠዋት ብርጭቆውን አውጥቼ በእህቴ፣ በባሏና ሊያዩ በመጡት ጎረቤቶች ፊት ገለበጥኩት። አንዲት ጠብታ አልወረደም። እልል ተባለ። እህቴ ግንባሬን ሳመችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ይህን መደበቅ አልችልም። እሷም የማሰሮውን አሸዋ ደፍታ ማሰሮውን ለእርሾ ማስቀመጫ አደረገችው።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቼ፣ በገበያ ቀን አዲስ ሲሊንደር ይዤ ሄድኩ። እህቴ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ተቀበለችኝ። ከንፈሯ ደርቋል። እኔ እያለሁ ሁለት ጣሳ ሙሉ ውኃ ጠጣች፤ ሁለቴም ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች። ልብሷ ሰፍቷታል።

«ፍሪጁስ?» አልኳት።

«ይሠራል። እግዜር ይስጥህ።»

ሄጄ ከፈትኩት። በረዶ ቤቱ ነጭ ሆኗል። እሳቱን አየሁ፣ ሽብልቁን አየሁ፣ ውኃ ልኩን ደግሜ አስቀመጥኩ። ሁሉም ደህና ነው። በሩን ዘግቼ፣ ቡና እንኳ ሳልጠብቅ በጊዜ ወደ ከተማ ተመለስኩ። ፍሪጁን መረመርኩ፤ እሷን አላየኋትም። እዚያው ፊቴ ቁጭ ብላ ነበር።

ከስድስት ቀን በኋላ ባሏ ደወለ። ማስታወክ ጀምሯታል፣ ቁና ቁና ትተነፍሳለች፣ ሲያናግሯት አትመልስም። በቃሬዛ አስፋልት አደረሷት፤ እኔ ሚኒባስ ይዤ ጠበቅኋቸው። ሆስፒታል የስኳር መለኪያው ቁጥር እንኳ አልሰጥ አለ፤ ከሚለካው በላይ ነው አሉ። ተረኛዋ ነርስ መርፌ ታቋርጥ እንደሆነ ጠየቀችን። ባሏ አንድ ቀን አላቋረጠችም አለ።

«መድኃኒቱን የት ነው የምታስቀምጠው?»

እኔ ቀደም ብዬ መለስኩ። «ፍሪጅ ውስጥ። እኔ ነኝ የሠራሁላት። በደንብ ይሠራል፤ በረዶ ሳይቀር ይሠራል።»

ነርሷ ቀና ብላ አየችኝ። ባሏ ይዞት የመጣውን ጠርሙስ ተቀብላ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣችው። በመዳፏ አሽከረከረችው፣ ደግማ አነሣችው። ነጩ ነገር አልዋሐደም፤ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ እንደ ጨው ፍርፋሪ ተለጥፏል።

«በረዶ መቶታል» አለች። «ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ከሠራ ቢሟሟም አይሠራም። ቀዝቀዝ ማለት ነው ያለበት እንጂ በረዶ መሆን የለበትም።» አልተቆጣችኝም። ሥራዋን ቀጠለች።

እህቴ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሞተች። አንድ ጊዜ ዓይኗን ገልጣ በአዊኛ ውኃ ጠየቀች፤ ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።

ለቅሶው ላይ ለመቀመጥ አፈርኩ፤ መቆምም አልቻልኩም። የመጣው ሁሉ እኔን ያጽናናል። «ምን ያላደረግክላት ነገር አለ? ወንድም ማለት እንዲህ ነው፣ ፍሪጅ ሳይቀር አሸክሞ ያመጣላት!» ይላሉ። አንዲት አሮጊት ጉልበቴን ይዘው ይህንኑ ደጋግመው ተናገሩ። «እርስዎ አያውቁም እማማ» ልላቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ነርሷ የተናገረችውን ከእኔና ከባሏ በቀር የሰማ የለም፤ ባሏም ያን ዕለት እህቴ ላይ ተደፍቶ ያለቅስ ስለነበር አልሰማም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። በገዛ እጄ የገደልኳትን ሰው ለቅሶ ተቀምጬ፣ ምስጋና ስቀበል ሰነበትኩ።

አርባዋ ከወጣ በኋላ አላስችል አለኝ። አንድ ማለዳ ሄጄ ባሏን አጥሩ ሥር ድርቆሽ ሲከምር አገኘሁት። ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳልሰጠው፣

«ጋሼ፣ እህቴን የገደልኳት እኔ ነኝ» አልኩት። በረዶው መድኃኒቱን እንዳበላሸው፣ እሳቱን እስከ መጨረሻው ያዞርኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ነርሷ ያለችውን ሁሉ ነገርኩት። «ይርገሙኝ፣ ይምቱኝ፣ ያሻዎትን ያድርጉኝ» አልኩት።

መንሹን መሬት ላይ ተከለ።

«ሰምቻለሁ። የዚያን ቀንም ሰምቻለሁ» አለኝ። «እሷም ታውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«መድኃኒቱ ልክ አለመሆኑን። ፍሪጁን በሠራህ በሳምንቱ በረዶ ሆኖ ያድራል፣ ሲሟሟም እንደ ረጋ ወተት ቋጠረብኝ፣ ሰውነቴም ከበደኝ አለችኝ። እንንገረውና ይየው ስላት እንቢ አለች። ሦስት ቀን ተንበርክኮ ሠርቶ፣ በሰው ፊት እንደዚያ ተደስቶ፣ አሁን አልሆነም ብዬ ብነግረው አንገቱን ይደፋል፤ የሆስፒታል ቀጠሮዬ ቅርብ ነው፣ አዲስ መድኃኒት እስክቀበል እችለዋለሁ አለች። የገበያ ቀን የመጣህ ጊዜ ልነግርህ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። በዓይኗ ከለከለችኝ።»

ቀጠሮዋ መቼ እንደነበረ ጠየቅሁት። ሆስፒታል ስናስገባት አራት ቀን ቀርቷት ነበር።