የአስካለ ፊት

ዲስኩ የደረሰኝ የገና ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። እኔ በምኖርበት ትንሽ የፊንላንድ ከተማ በዚያ ወቅት ፀሐይ ብቅ ብላ የምትቆየው ምሳ በልተው እስኪነሡ ድረስ ብቻ ስለሆነ፣ ፖስታውን የከፈትኩት በመብራት ነው። «የማክሰኞ ሙሽራ» የሚባለውን የድሮ ፊልም ስፈልግ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በኢንተርኔት የሚዞረው የቅጂ ቅጂ ነው፤ ሰዉ ሁሉ ድፍርስ ውኃ ውስጥ የቆመ ይመስላል። ይህኛው ግን የተረሱ አሮጌ ፊልሞችን አስሰው የሚያድኑ ሰዎች ከዋናው ጥቅል ላይ፣ ጭረቱን አንድ በአንድ ጠርገው ያወጡት ነው። ጥንቁቅ ሰው ነኝ። እጄን ታጠብኩ፣ አማተብኩ፣ ከዚያ ዲስኩን ከተትኩና በቀጥታ ወደ ገበያው ትዕይንት አሳለፍኩት።

ያየሁትን ከመናገሬ በፊት ግን ስለ ጋሽ ተክሌ መናገር አለብኝ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አቃቂ፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ላይ ካለች አንዲት ቪዲዮ ቤት እሠራ ነበር። ካሴት አከራያለሁ፣ አባዛለሁ፣ እሑድ ከሰዓት ደግሞ ወንበር ደርድሬ አሳያለሁ። ሌላው ጊዜዬ የሰንበት ትምህርት ቤት ነው። ፊልም እያከራየሁ ፊልም እንቅ ነበር፤ ያኔ የሚጋጭ አይመስለኝም ነበር።

ጋሽ ተክሌ የባቡር ጡረተኛ ናቸው። ሚስታቸው አስካለ ከሞተች ቆይታለች። አንድ ክረምት የአቃቂ ወንዝ ሞልቶ ቤታቸው ሲገባ የነበሯቸው ፎቶዎች በሙሉ ሄዱ። የቀረቻቸው በዚህ ፊልም ውስጥ ብቻ ናት። ወጣት ሳለች ገበያ ሽንኩርት ስትሸጥ የፊልም ሰዎች መጥተው አነሷት ይላሉ። «ከግራ ቅንድቧ በላይ ጠባሳ አለች። ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች» ይሉናል፣ ለመቶኛ ጊዜ።

እኛ ያለን ቅጂ ግን የማንንም ፊት አያሳይም። እሑድ እሑድ መጥተው «እስቲ እዚያ ጋ አቁሚልኝ» ይሉኝና ተነሥተው ጣታቸውን የቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ ያሳርፋሉ። «ይቺ ናት።» የሚታየው ጥላ ነው። ሲወጡ የጣታቸውን አሻራ በጨርቅ እጠርጋለሁ፤ ምርር እያለኝ።

«ጋሼ፣» ይላቸዋል ሰይድ፣ የወሎ ልጅ፣ ሚኒባስ ሹፌር፣ ተጫዋች፤ «ጥላም ካገቡ አይቀር ወፈር ያለውን አይመርጡም ነበር?»

ቤቱ ይስቃል። እሳቸው አይቆጡም። «ጥርት ያለው ቅጂ ይገኝና ትስቃለህ» ነው መልሳቸው።

ተገኘ። ሰውዬው በባቡር መሥመር የሚያውቁትን ሁሉ ሲያስጠይቁ ከርመው፣ ድሬዳዋ ካለ የድሮ ባልደረባቸው ከዋናው ፊልም በቀጥታ የተቀዳ ካሴት ተላከላቸው። ጥቅምት የገባ ሰሞን ነበር፤ መንገዱ ደርቆ፣ ከኋላችን ያለው የጤፍ ማሳ ወርቅ መምሰል ጀምሮ። ካሴቱን በነጠላ ጠቅልለው አመጡልኝ።

«ጸዳለ ልጄ፣ አንድ አባዢልኝ። የዋናዋን ጥርስ ደግሞ ስበሪልኝ፤ ማንም በላይዋ እንዳይቀዳባት።»

ጥርስ የምንላት ከካሴቱ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ነው። እሷ ከተሰበረች ማጫወቻው ዴክ በላዩ ላይ አይቀዳም። መስበሩ የኔ ሥራ ነበር፤ አንድም ቀን ረስቼ አላውቅም።

ያን ቀንም አልረሳሁም። የአቦን በዓል ከመዘምራን ጋር ሳሪስ አቦ ዘምረን በካሜራ ተነሥተን ነበርና ወደ ካሴት መገልበጥ ነበረብኝ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ባዶ ካሴት ነበር፤ ሁለት። የጋሽ ተክሌን አነሣሁ። እንዲህ ብዬ ነው ያሰብኩት፤ ሽማግሌ ሰው ሞቱን የሚያስብበት ጊዜ ላይ የሴት ፊት ሲያሳድድ ነፍሱ ትጠፋለች፣ መዝሙሩን ይስማ፣ ይጠቅመዋል። ካሴቱን አንዴ እንኳ ከፍቼ ሳላይ ቀዳሁበት። የመቅጃውን ቁልፍ ስጫን የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አስታውሰዋለሁ። ጽድቅ መስሎኝ ነበር።

እሑድ ጋሽ ተክሌ ኮት ለብሰው፣ ሁለት ድፎ ዳቦ አስደፍተው መጡ። ሲስቁባቸው የከረሙትን ሁሉ ጠርተዋል። ሰይድ ከፊት ተቀምጧል። ዴኩን ከፈትኩ።

ነጭ የለበስን መዘምራን ብቅ አልን። እኔ ከፊት፣ ከበሮ አንግቼ። ጥርት ብለን።

ከዚያ ሰይድ፣ «ጋሼ፣ የትኛዋ ናት? ያቺ ባለ ከበሮዋ እንዳትሆን ብቻ፣ ልጅ ናት ወላሂ!»

ሳቁ ቆርቆሮውን አናወጠው። ጋሽ ተክሌ ዞሩና፣ «ልጄ፣ ተሳስተሽ ነው። የኔን አድርጊልኝ» አሉኝ።

«የእርስዎ ነው ጋሼ። እንዲሁ ሆኖ ነው የመጣው።»

ካሴቱን እንዳወጣው ጠየቁኝ። ገልብጠው አውራ ጣታቸውን ከጀርባው አስኬዱ። ጥርሷ በቦታዋ ነበረች። ቀና ብለው አዩኝ፤ ገብቷቸዋል። ለሰዉ ምንም አልተናገሩም።

«ዳቦውን ቁረሺላቸው» አሉና ወጡ።

ቆረስኩላቸው። እየሳቁ በሉ። እኔም በላሁ።

ከዚያ ወዲህ ስማቸው «የካሴት ባል» ሆነ። ንስሐ አባቴ ጋ ሄጄ ስናዘዝ ስግደት አላዘዙኝም፤ «ሄደሽ በዚያው ሰው ሁሉ ፊት እኔ ነኝ በይ» አሉኝ። ስግደት ቢሆን ሺህም እሰግድ ነበር። ከፋሲካ በኋላ እነግራለሁ አልኩ። ጋሽ ተክሌ በሁዳዴ አጋማሽ ሞቱ። ከቀብራቸው ስንመለስም የሚወራው ያው ቀልድ ነበር፤ ጸጥ ብዬ ሰማሁ።

እና አሁን፣ እዚህ፣ በረዶው መስኮቴን ሸፍኖት፣ የገበያው ትዕይንት መጣ። የሽንኩርት ክምር። ከኋላው አንዲት ልጅ እግር ሴት። ከግራ ቅንድቧ በላይ ጠባሳ አላት። ወደ ካሜራው አየችና ሳቀች፣ አፏንም በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። የነጠላዋ ጥለት ክሩ ሳይቀር ይቆጠራል። እዚያው ላይ አቆምኩት።

በዚያ ቤት ከነበሩት አድራሻውን የማውቀው ሰይድን ብቻ ነው፤ ዛሬ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ልጆቹ ጋ ይኖራል። ቴሌቪዥኑን በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ላክሁለት፣ «የጋሽ ተክሌ ሚስት» ብዬ።

«የቱ ተክሌ?» አለኝ።

ስማቸው ጠፍቶበታል። «የካሴት ባል» ብዬ ጻፍኩ።

«ኧረ! እንዴት አስቀውን ነበር! ታዲያ እውነት ነበር? ካሴቱን ማን አጠፋባቸው?»

«እኔ ነኝ። ሆን ብዬ።»

«ጸዲ፣ አንቺ ደግሞ በስተርጅና ቀልድ ጀመርሽ? አንቺ እኮ ጉንዳን የማትረግጪ!» ከሥሩ በሳቅ የሚያነቡ ሦስት ፊቶች።

«ከልቤ ነው ሰይድ» አልኩት። ሌላ ሦስት ጨመረልኝ።

ስልኩን ደፋሁት። ከዚያ ተነሥቼ ጣቴን መስታወቱ ላይ፣ ጠባሳዋ ጋ አሳረፍኩ። አሻራዬ እዚያው ቀረ። ጨርቁ አጠገቤ ነበር፤ አላነሣሁትም።