አጎቴን አራት ጊዜ የጣለው ቀበቶ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ጥር ነው። ብዙ የማወራ ሰው አይደለሁም። ይህን ግን ወረታ ውስጥ ሰው ሁሉ እየጨመረ ስለሚያወራው፣ እንደሆነው አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው።

ሥራዬ ስልክ መጠገን ነው። አጎቴ መኮንን በክረምቱ ከዳማ ፈረሳቸው ወድቀው ክንዳቸው ተሰብሮ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩነሽ «አንድ ጊዜ ደግመው ቢወድቁ ዳማው ይሸጣል!» ብለው ቆረጡ። አጎቴ ደግሞ ያለ ዳማው ሠርግ አጅበው አያውቁም።

ስለዚህ መውደቅ አለመውደቃቸውን እትዬ ከቤት ሆነው እንዲያውቁ ቀበቶ ሠራሁላቸው። ከተበላሹ የማንቂያ ሰዓቶች የፈታኋቸውን ሳንቲም የሚያህሉ ሰባት ስስ የብረት ሳህኖች ሰፋሁበት። ፈረሱ ሲሰግር የጋላቢው ሰውነት ሳህኖቹን ይጫናል፣ እነሱም ኤሌክትሪክ ይሰጣሉ፤ ለጥቂት ደቂቃ የሚበቃውን ስለሚያጠራቅም ባትሪ አያስፈልገውም። ግልቢያው ድንገት ቆሞ አጎቴ ወደ መሬት ከወረዱ፣ ኪሳቸው ያለው ስልክ ለእትዬ ጥሩነሽ «ወድቄያለሁ» የሚል መልእክት ይልካል። ለሙከራ ታጥቄው እየሮጥኩ ከጭድ ክምር ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ዘልያለሁ። አሥራ አንዱንም ልኳል።

አጎቴ ይፋግ አጠገብ ወዳለ ሠርግ በጠዋት ተነሱ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የመጀመሪያው መልእክት ገባ። ብንደውል አያነሱም። ሁለተኛው ገባ። ሦስተኛውም።

«እኒህ ሰውዬ እየወደቁ ነው እንዴ የሚሄዱት?» አሉ እትዬ ጥሩነሽ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ እያሰሩ።

በአራተኛው መልእክት ጎረቤቱ ሁለት ባጃጅ ሞልቶ ወጣ። ቃሬዛ ሳይቀር ጭነናል፤ አልገባ ብሎ ግማሹ ውጭ ነበር።

አጎቴን መንገድ ዳር አገኘናቸው። የዳማውን ልጓም ይዘው ከአንድ ቄስ ጋር ይጫወታሉ።

ያኔ ገባኝ። አጎቴ ቤተ ክርስቲያን ሲያዩ ወርደው ይሳለማሉ። ቄስ ሲያገኙ ይወርዳሉ። ለቀስተኛ ሲያልፍም ወርደው ይቆማሉ። በፈረስ ላይ ሆኖ ማለፍ ነውር መሆኑን ከልጅነቴ አውቃለሁ፤ ቀበቶውን ስሠራ ግን ትዝ አላለኝም።

«ምነው አንቱ! እኛ ቃሬዛ ተሸክመን፣ እርስዎ ጨዋታ!» አሉ እትዬ ጥሩነሽ።

«ደህና ነኝ፤ ይኸው!» ብለው አጎቴ ዳማው ላይ ዘለው ወጡ። ከኋላችን የነበረው ባጃጅ በደስታ ክላክሱን ነፋ። ዳማው ደነበረ። አጎቴ ውሃ የጠጣ የሽንኩርት መደብ ውስጥ በጀርባቸው አረፉ።

ሁላችንም የእትዬ ጥሩነሽን ስልክ አየን። ጭጭ! አጎቴ ከቄሱ ጋር ረጅም ጊዜ ስለቆሙ ቀበቶው ያጠራቀመውን ኤሌክትሪክ ጨርሷል።

«ጥሩዬ፣» አሉ አጎቴ ከጭቃው ውስጥ፣ «መልእክት አልገባም! ይሄኛው አይቆጠርም!»

እትዬ ጥሩነሽ ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው ሳቅ ቀደማቸው። ቄሱም መስቀላቸውን ይዘው ፊታቸውን አዞሩ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

«ፈረሱስ ምን አጠፋ?» አሉ እትዬ በመጨረሻ፣ እኔን እያዩ።

ዳማው አልተሸጠም። አጎቴ ቀበቶውን ዛሬም ይታጠቁታል፤ ሳህኖቹን ግን በጉጠት አንድ በአንድ ነቅለው መልሰውልኛል።

ያን ቀን መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አሁን ያስቀኛል። የሚቆጨኝ ስለ መውደቅ ያን ያህል ስለካ፣ ከፈረስ መቼ መቼ እንደሚወርዱ አንድ ቀን እንኳ አጎቴን አለመጠየቄ ነው። እትዬ ጥሩነሽም መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «ዛሬስ ማንን ጣልክ?» ይሉኛል።