ለበቀቀኗ መቅመስ

በቀቀኗ ቤታችን የገባችው ጀርባዋን ሰጥታ ነው። የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር «ኮንዶሚኒየም ውስጥ በዚህ ጩኸት ጎረቤት አያስቀምጠኝም» ብሎ፣ ከነሽቦ ቤቷ በባጃጅ ጭኖ አመጣልን። የቡና ጆንያ ደፍቶባት ነበር። ጆንያውን ስናነሳ ያየነው አረንጓዴ ጀርባ ብቻ ነው። ቢጫ ራሷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ በትከሻዋ በኩል በአንድ ዓይኗ ብቻ ሰረቅ አድርጋ ታየናለች። «ምን ትበላለች?» አልኩት ሰውየውን። «ያገኘችውን ሁሉ» አለና ባጃጁ ውስጥ ገባ። እንደዚያ ቸኩሎ የሚሄድ ሰው አልወድም።

እኔ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ሰው ምሎ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ ሲዋሽ እየጻፍኩ ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት እንደ ሥራ መመሪያ ነው የምይዘው። ስለዚህ ወፏ ምንም አልበላ ስትል፣ ታማለች፣ ሰውየው በእጁ እንዳትሞትበት እኛ ላይ ጣላት ብዬ ደመደምኩ። ሙዝ ብሰጣት፣ ለውዝ ብሰጣት፣ እሸት በቆሎ ብፈለፍልላት ዞር ብላ አታይም። እጄን ወደ ሽቦው ሳስጠጋማ ቀውጢ ነው። ክንፏን እያማታች ከወዲያ ወዲህ ትላተማለች፣ ላባዋ ሳሎኑ ላይ ይበተናል። በግንባሬ ላይ ነፍሰ ገዳይ የሚል የተጻፈ ይመስል።

ይህን ሁሉ በቻልኩት ነበር። ግን በዚያው ሳሎን ውስጥ ከእጄ የማይበላ ሌላ ሰው ቀድሞ ነበረኝ፤ አማቴ።

አማቴ ከመቱ አልፎ ካለችው ቡሬ የመጡት ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ በኋላ ነው። መቱ ሆስፒታል ተኝተው ሲወጡ ሐኪሙ «በደንብ ይብሉ፤ ባዶ ሆድ አጥንት አይገጥምም» ያለው ለኔ ነው፣ ምራት መሆኔን አይቶ። እሳቸው ግን ልጃቸው ካልጎረሰ አይጎርሱም። ማዕድ ሲቀርብ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። ባለቤቴ አላምጦ ሲውጥ ጉሮሮውን ያዩና ከዚያ በኋላ እጃቸው ወደ ትሪው ይሄዳል። ባለቤቴ ይህን ልብ አይልም። እኔ ግን ሥራዬ ሰው ማየት ነው፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አይቼዋለሁ።

እሱ ደግሞ የሚሠራው ግብርና ቢሮ ነው። የቡና ለቀማ ሲደርስ ያዮ ጫካ ይገባል፣ ወይም ኡካ ይወርዳል፤ መንገዱ ጭቃ ከሆነ ሳምንቱን ሙሉ አይመለስም። እሱ በሌለ ጊዜ አማቴ የሚበሉት ቅርፊት ያለውን ነገር ብቻ ነው። ራሳቸው የሚልጡት የተቀቀለ እንቁላል፣ ራሳቸው የሚልጡት ሙዝ። ለአጥንታቸው ብዬ ያገነፋሁት ገንፎ ፊታቸው ተቀምጦ፣ መሐሉ ላይ ያፈሰስኩት ቅቤ ይረጋል። «ጠግቤያለሁ» ይላሉ። በምን እንደጠገቡ እግዜር ይወቅ።

ገባኝ። ትመርዘኛለች ብለው ነው። የኔ ቤተሰቦች ከሰሜን የመጡ ኦርቶዶክሶች ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ የቡሬ ፕሮቴስታንት። ልጃቸው እኔን ሲያገባ ሠርጉ ላይ ስቀዋል፣ ፎቶው ግድግዳችን ላይ አለ። ግን የወፍ ወንዱ የሰው ሆዱ አይታወቅም። ስንት ዓመት የልጃቸው ሚስት ሆኜ ኖሬ፣ ከእጄ ላለመብላት እንቁላል ሲልጡ ማየት አንገበገበኝ።

ባለቤቴ ከያዮ ሲመለስ የእናቱ ጉንጭ ገብቶ አገኘው። ጓዳ ተከትሎኝ ገባና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምግብ ትሰጫታለሽ?» አለኝ። የያዝኩትን ጭልፋ ልወረውርበት ምንም አልቀረኝም። ያን ቀን አንድ ነገር አወቅኩ። እሳቸው እንዲህ እየከሱ ከሄዱ፣ ትዳሬም አብሮ ከስቶ ያልቃል።

ወፏና አማቴ ደግሞ እርስ በርሳቸው አይተማመኑም። «ይህቺ ሲምቢራ ሰላይ ናት» ይላሉ። ሲምቢራ በኦሮምኛ ወፍ ማለት ነው፤ ከዚህ ሌላ ስም አላወጡላትም። ቡሬ ላለችው እህታቸው ስልክ ሲደውሉ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ያንሾካሹካሉ። ከወፏ ይሁን ከኔ የሚደብቁት አላውቅም ነበር። በዚያ ሳሎን ሦስታችንም በጎን ነበር የምንተያየው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ የቆረጥኩላት ሙዝ ጠቁሮ ሳገኘው ትዕግሥቴ አለቀ።

«አትብዪማ!» ብዬ ጮህኩባት። «እኔ እበላዋለሁ!»

ሌላ ሙዝ ልጬ ፊቷ ቆሜ በንዴት ጎረስኩ። ሁለተኛ ስጎርስ አንገቷን ዘመም አድርጋ አፌን ማየት ጀመረች። ቀጥሎ ጉሮሮዬን። እስክውጥ ጠበቀች። ይህን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ በየማዕዱ አየዋለሁ። የተረፈችውን ቁራጭ ሽቦው መሐል ሰክቼ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ወፏ እያመነታች ወረደች፣ ሙዙን በአንድ እግሯ ጨብጣ ወደ ማዕዘኗ ሮጠች፣ እዚያም ጀርባዋን ሰጥታኝ በላች።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ያዝኩ። የምሰጣትን ሁሉ ፊቷ ሳልቀምስ አልሰጥም። ጥሬ በቆሎ ቆረጠምኩ። የፓፓያ ፍሬ እንኳ ቀምሼላታለሁ፤ ይመራል። ከሥራ መልስ ከሽቦው አጠገብ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ግማሹን በልቼ ግማሹን በጣቴ ይዤ እጄን ሳላንቀሳቅስ እጠብቃለሁ። ፊት ለፊት ካየኋት ትሸሻለች፤ ስለዚህ እንደሷው በጎን ነው የማያት። ትጠጋለች፣ ትመለሳለች፣ ደግሞ ትጠጋለች። ያ ምንቃር ለውዝ ሲሰብር ሰምቼዋለሁ። በመጨረሻ አንድ ቀን መጣችና ጥፍሬን በምላሷ ዳሰስ አድርጋ ለውዙን ብቻ ወሰደች። አልነከሰችኝም! ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ የማለቅስ ሁሉ መሰለኝ።

ከኋላዬ ምርኩዝ ወለሉን መታ።

«ለሲምቢራ ትቀምሻለሽ» አሉ አማቴ።

«ምን አሉ እትዬ?»

«ለሲምቢራ ትቀምሻለሽ አልኩ። ለኔ አንድ ቀን ቀምሰሽ ታውቂያለሽ?»

የታፈነ ነገራቸው ተፈታ። «በኛ ቤት ያቀረበ ይቀምሳል። ወተትም ቢሆን፣ ገንፎም ቢሆን። እኔ ለአማቴ እስኪሞቱ ድረስ ቀምሻለሁ። አንቺ ታስቀምጪና ቆመሽ ታዪኛለሽ። ቆመሽ! እኔ ምን ልበል? ልጄ ሲኖር እሱ ይቀምስልኛል። ልጄ ሲሄድ እንቁላል እበላለሁ።»

«የቆምኩት እኮ ለክብርዎ ነው!» አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። «እኛ ቤት ከታላቅ ሰው ቀድሞ ትሪ ላይ እጁን የሚሰድ በጥፊ ነው የሚመታው። ምራት አማቷ በልተው እስኪጠግቡ ትቆማለች። እናቴ እንደዚያ ነው ያሳደገችኝ።»

«ማሎ!» አሉ፤ እባክሽ ተዪኝ እንደማለት። «እንደ ዘበኛ ቆሞ ማክበር አለ?»

ወፏ በተራዋ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ታያለች። እውነቱን ለመናገር፣ ወዲያው አላመንኳቸውም። ፍርድ ቤት ያስተማረኝ ነገር ቢኖር ያማረ ምክንያት ይበልጥ እንደሚያስጠረጥር ነው። እሳቸውም የኔን ማመናቸውን እንጃ። ቢሆንም ገንፎውን አሙቄ፣ ቅቤ ጨምሬ አቀረብኩና በርጩማዬን ስቤ ተቀመጥኩ። በኔ በኩል ካለው ጠርዝ ቆርሼ ቅቤ ነክሬ ጎረስኩ። ጉሮሮዬን አዩ። ዋጥኩ። እጃቸውን ሰደዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሁለቱም ስቀምስ ከረምኩ። ረቡዕና ዓርብ ስለምጾምና ቅቤ መቅመስ ስለማልችል፣ በነዚያ ቀናት የአማቴንም ገንፎ በዘይት አደርገዋለሁ። ቅቤው የት ሄደ ብለው አንድም ቀን አልጠየቁም። ባለቤቴ የእናቱ ጉንጭ ሲሞላ አይቶ «መድኃኒቱ ሠራ» አለ። ተውኩት፤ በዚያ ጥያቄው ገና አኩርፌው ነበር። ወፏም ፊቷን ወደ ሳሎኑ አዙራ መቀመጥ ጀመረች፣ ግን አዲስ ነገር ባየች ቁጥር መጀመሪያ ካልቀመስኩላት ወይ ፍንክች።

ማንጎ የደረሰ ሰሞን ነው። ባለቤቴ ያዮ ነበር፤ ቀኑ ዓርብ። ቅዳሴ ውዬ ስገባ አማቴ «ዛሬ ገንፎውን በቅቤ አድርጊልኝ» አሉ። ቀኑን ያውቃሉ። ከቤተ ክርስቲያን መምጣቴንም ነጠላዬ ይናገራል። ሊፈትኑኝ ነው? ጾሜን ሊያስፈቱኝ ነው የፈለጉት? ልቤ ሻክሮ ጓዳ ገባሁ። አገነፋሁ፣ ቅቤውን አፈሰስኩ፣ ፊታቸው አስቀመጥኩና በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ። ወፏ የቆረጥኩትን ማንጎ አይታ ሽቦውን በምንቃሯ ትነቁረዋለች።

«እትዬ፣ ዓርብ ነው እኮ» አልኩ። «መቅመስ አልችልም።»

አማቴ ቀና ብለው አላዩኝም። ገንፎውን ቆርሰው፣ ቅቤው ውስጥ አጥልቀው ጎረሱ። አላምጠው ዋጡና በምርኩዛቸው ወደ ሽቦው አመለከቱ።

«ለሷ ቅመሺላት» አሉ። «እሷ ገና አላወቀችሽም።»