ድንጋዩ ይቀነሳል

ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ከንብረቷ ሁሉ ለመካፈል ያስቸገረው ቀለበቷ ብቻ ነበር፤ የወርቅ ሆኖ መሀሉ ላይ አንዲት አልማዝ ያለችበት። አባቷ የባቡር ሠራተኛ በነበሩበት ዘመን ድሬዳዋ ከነበረ አንድ አርመን አንጥረኛ ዘንድ አሠርተው ያመጡላት ነው። ሁለቱም ሴቶች ልጆቻችን ፈለጉት። ትልቋ አርሲ ነገሌ እህል ትነግዳለች፤ ታናሿ እዚሁ አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ትሠራለች። በዚህ ቀለበት ተኳርፈው ለፋሲካ እንኳ አንድ ማዕድ ላይ አልቀረቡም። እኔም የማያዳላ መፍትሔ አገኘሁ አልኩ፦ ቀለበቱ በባለሙያ ይገመት፤ የወሰደችው ለሌላዋ የዋጋውን ግማሽ ትስጥ፤ ቀለበቱም እንደነበረ ይኑር።

ያላሰብኩት ነገር ቢኖር በከተማው ውስጥ ገማች አለመኖሩን ነው።

የመጀመሪያው ወርቅ ቤት ባለቤት ቀለበቱን ሚዛኑ ላይ ወርውሮ፣ «ድንጋዩ ይቀነሳል፣ አባባ» አለኝ።

«ድንጋይ አይደለም፤ አልማዝ ነው።»

«ይሁን። አልማዙ ይቀነሳል።»

ለእሱ አልማዝ ማለት ከምስር ተለቅሞ እንደሚጣል ጠጠር ነው።

ሁለተኛው ወንበር ሰጥቶ በትሕትና ተቀበለኝ። ከዚያም አልማዝነቱን ላረጋግጥልዎ ብሎ በመደርደሪያው መስታወት ላይ ፋቀው። መስታወቱ ተጫረ። «ይኸው!» አለ። በወጣትነቴ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ያጠናሁት ሥነ ምድር ነውና፣ መስታወትን ኳርትዝ የሚባለው ተራ ድንጋይም እንደሚጭር፣ ጭረቱም ምንም እንደማያረጋግጥ አስረዳሁት። በጥሞና ሰምቶ ሲያበቃ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ካወቁ እኔን ለምን ይጠይቁኛል?» አለኝ። እኔ የማውቀው እሱ አለማወቁን ብቻ ነበር፤ ይህ ደግሞ ለልጆቼ የሚካፈል ነገር አይደለም።

በመጨረሻ፣ ኋላ «አባዬ አዳላ» እንዳይሉኝ ሁለቱንም ልጆቼን ይዤ ወደ ሦስተኛው ወርቅ ቤት ሄድኩ። ግራና ቀኝ ቆመው ሳይተያዩ እኔን ይመለከታሉ። አንጥረኛው ያው የተለመደውን ተናገረ፦ ድንጋዩ ሳይነቀል ወርቁ አይመዘንም።

«ይንቀለውና ይለይልን!» አለች ትልቋ።

«ይንቀለው!» አለች ታናሿ፣ በእልህ።

እናታቸው ካረፈች ወዲህ የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው። እኔ አይሆንም ስል ፒንሳው ቀድሞኝ ነበር። አልማዙ ተስፈንጥሮ ጠፋ። ሁለቱም ተንበርክከው በስልክ መብራት ወለሉን ይፈልጉ ጀመር።

«እግርሽን አንሺ እንጂ!»

«አንቺ አንሺ! ስልክሽንም ወደ ታች አብሪው፤ አልማዙ ጣራ ላይ አልወጣም!»

አልማዙ ከትልቋ ነጠላ እጥፋት ውስጥ ሲገኝ፣ ወለሉ ላይ እንደተቀመጡ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«እኔ ወርቁን፣ አንቺ አልማዙን» አለች ትልቋ።

«እሺ።»

«እንዴት እሺ?» አልኩ። «ዋጋቸው እኩል መሆኑ በምን ታወቀ? መስታወት ቢሆንስ?»

«አባዬ፣ እማዬ አልማዝ ነው ብላለች። አለቀ» አለች ታናሿ።

ከዚያ እጅ ለእጅ ተያይዘው ምሳ ሊበሉ ወጡ፤ እኔ ባዶውን የቀለበት ማስቀመጫ ይዤ ከኋላቸው ተከተልኩ። ወርቁ ቀልጦ ጉትቻ ሆኗል። አልማዙ ከታናሿ ቁም ሳጥን ውስጥ በወረቀት ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ይመርመር ብላት አሻፈረኝ ብላለች። ሁለቱ ዛሬ ሲደዋወሉ ይውላሉ፤ ጎረቤትም እንዴት በጥበብ አስታረቅካቸው ይለኛል። እኔ ግን የጠየቅኩት ግምት ነበር። እሱን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም፤ አሁን ደግሞ የሚገመተውም ቀለበት የለም።