ሚስማር ለሲቲ ቱታ

ሁለቱ የመን አንድ በሆኑ ሰሞን ነው። አል-ሚምዳራ በሚባል የየመን ወደብ ከተማ ሰፈር ውስጥ ሲቲ የምትባል የድሬዳዋ ልጅ ነበረች። ባሏ አቡበከር ደባብ የሚሏትን ትንሽ የተሳፋሪ መኪና ይነዳል፤ ደባቧ ግን ከመንገዱ ይልቅ የምትውለው መካኒኩ ኡስታ ዐብደላ ወርሻ፣ ጋራዡ ውስጥ ነው። ሲቲ ለባሏ ምሳ ልታደርስ ሄዳ ሞተሩ ተከፍቶ ብታየው፣ ፒስተኑ ሲወጣ ሲወርድ፣ ልቧ እዚያው ቀረ።

ኡስታ ዐብደላም የድሬ ሰው ነውና አላባረራት። ዕቃ በነጭ ጋዝ ማጠብ፣ ቫልቭ መሞረድ አስተማራት። አንድ ቀን፣

«በይ እህቴ፣ የባልሽን ሞተር ብቻሽን ግጠሚ» አላት። «ማዓላ ደርሶ ውሃ ሳይተፋ ከተመለሰ፣ ከኔ ቱታ ጎን ላንቺም የቱታ መስቀያ ሚስማር እመታለሁ። ካልሆነ ምሳሽን አድርሰሽ ወደ ቤትሽ!»

ወንዶቹ ከሰዓት ጫት ላይ ሲቀመጡ ሲቲ ቢስሚላህ ብላ ገጠመች። የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን አስቀምጣ ብሎኖቹን ከቀኝ ጫፍ ጀምራ እስከ ግራ ጥርቅም አደረገች። ሞተሩ ተነሣ፤ እልልታዋን አቀለጠችው። ምን ያደርጋል፣ መኪናዋ ከሰፈሩ ሳትወጣ እንፋሎት በእንፋሎት ሆነች።

«አቡበከር፣ ሚስትህ ሻሂ ጣደችልህ!» አሉ ጫት ቃሚዎቹ።

ኡስታ ከፍቶ አየው። «ከየት ጀመርሽ?»

«ከቀኝ ነዋ! ጉርሻውም ጫማውም ከቀኝ አይደል? መልካም ነገር ከግራ ይጀመራል እንዴ?»

ጫቱ ትን እስኪለው ሳቀ። «ያ ረቢ! ቀኝ ላንቺ ነው፤ ቴስታታ የሚጠብቀው ከመሃል ነው። ከመሃል ወደ ዳር፣ ግራና ቀኝ እያፈራረቅሽ፣ በዙር በዙር። አለዚያ አንድ ወገን ያነክስና ውሃው ይሾልካል።»

«ሚስማሩስ ቀረ?» አለች ሲቲ፣ መፍቻውን እንደያዘች።

«መፍቻው እጅሽ ላይ አይደል? ከክዳኑ ሥር የሚገባ አዲስ ጋስኬት አምጪና ድገሚው።»

ደገመችው። መፍቻውን በቀኝ እጇ ይዛ፣ ብሎኑን ከመሃል ጀምራ። በማግስቱ ከአቡበከር ጋር ማዓላ ወረዱ፤ ያን ረጅም ጎዳና ከዳር እስከ ዳር፣ የባሕሩ ነፋስ በመስኮት እየገባ። ጠብታ ውሃ የለም! አቡበከር ጥሩምባውን እየነፋ ወርሻው በር ላይ አቆመ።

ኡስታ ዐብደላ ሚስማሩን አዘጋጅቷል፤ መዶሻውን ግን ቢፈልግ ቢፈልግ አጣው።

ሲቲ ከመኪናው ወንበር ሥር አውጥታ ሰጠችው። ሚስማሩ እንደማይቀርባት እርግጠኛ ነበረችና ማዓላ ድረስ ይዛው ሄዳ ኖሯል።