ጎታ ውስጥ የተቀዳው ካሴት

በኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የሄቪ ሜታል ካሴት ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያወጣሁትም አዲስ አበባ አይደለም፣ ከሚሴ ነው። እንደማታምኑኝ አውቃለሁ። የገዛ ልጄም አላመነችኝም።

ባለፈው ሳምንት ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥታ፣ በረንዳ ላይ ማንጎ እየላጥን ስልኳን ከፈተችው። አንዱ ጎረምሳ ጉሮሮው እስኪላጥ ይጮሃል፣ ጊታሩ ከኋላው እንደ እህል ወፍጮ ያጓራል። እኔ ማንጎዬን እየመጠጥኩ፣ "ጊታሩ ደህና ነው፣ ከበሮው ግን ሰንፏል" አልኳት።

"አባዬ፣ ይሄ እኮ ሜታል ነው። አንተ አታውቀውም።"

"አንቺ ሳትወለጂ ሠርቼዋለሁ።"

ሳቀች። እናቷን ጠርታ አብረው ሳቁብኝ። እናቷ የደሴ ልጅ ናት፣ ያኔ እዚህ አልነበረችምና አልፈርድባትም።

ጊዜው ደርግ ነው። ያ ክፉ ድርቅ ካለፈ ሁለት ወይ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። እኔ ገና ሃያ አልሞላኝም፣ ግን የከሚሴ ሬዲዮና ቴፕ ሁሉ ሲታመም ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ማንም አላስተማረኝም። የአባቴን ሬዲዮ ፈታሁት፣ አባቴ ገረፈኝ፣ መልሼ ገጠምኩት፣ በቃ ተመረቅሁ።

አንድ ቀን የአሰብ መስመር ሹፌር ምሳውን እስኪበላ ድረስ ቴፑን እንድጠግንለት ሰጠኝ። ውስጡ ካሴት ነበረ። ጠግኜ ስሞክረው ያ ጩኸት ወጣ። ቴፑ ገና አልዳነም ብዬ ሁለት ጊዜ ደግሜ ፈታሁት። በሦስተኛው ነው ሰዎቹ ሆን ብለው እንደሚጮሁ የገባኝ። ወላሂ፣ ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ሁሉ ቆመ። ሹፌሩ ጥብሱን ጨርሶ ሲመጣ "ገና ነው፣ ትንሽ ይቀረዋል" አልኩት። የቀረው የካሴቱ ሁለተኛ ጎን ነበር። ያ ሰው በእኔ ምክንያት ሚሌ ሳይደርስ መሽቶበት ይሆናል፣ ይቅር ይበለኝ።

በማግስቱ ሥራ ጀመርኩ። ጊታር የለም፣ ክራር ግን አለ። ጅማቱን አውልቄ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ወጠርኩበት። ከተበላሸ ስልክ መነጋገሪያ ውስጥ ማግኔቷን አውጥቼ ከሥሩ አሰርኩና ከአንድ አሮጌ ሬዲዮ ጋር በሽቦ አገናኘሁት። የሬዲዮው ድምፅ ማጉያ ወረቀቱ የተቀደደ ነበር። ሌላ ሰው ይጥለዋል፣ ለእኔ ግን ሀብቴ ያ ቅዳጅ ነው። ክራሩን ነካ ሳደርገው እንደ ተቆጣ በሬ አጓራ። ከበሮዬ የናፍጣ በርሜል ሆነ፣ በየመሃሉ ደግሞ ጅራፍ አስጮህበታለሁ።

ድምፄን የቀዳሁት ጎታ ውስጥ ነው። ቤታችን ያለው የእህል ጎታ ሰው ቆሞ የሚገባበት ነበር፣ ከድርቁ ወዲህ ግን ባዶውን ነው የቆመው። ጭንቅላቴን ከትቼ ስጮህ፣ ከከሚሴ እስከ ባቲ ያለው ገደል ሁሉ የሚመልስልኝ ይመስለኛል። እናቴ ከጓሮ ሮጣ መጣች።

"አዑዙ ቢላህ፣ ልጄን ምን ያዘብኝ?"

"ምንም አልያዘኝም እማ፣ እየዘፈንኩ ነው።"

"ቢይዝህ ይሻል ነበር" ብላኝ ሄደች።

በአንዱ ቴፕ ክራሩን እቀዳለሁ፣ እሱን እያጫወትኩ በሌላው ቴፕ ከላዩ እጮሃለሁ። እንዲህ አድርጌ ሰባት ካሴት አወጣሁ። ከባቲ ገበያ የመጡ ያገለገሉ ካሴቶች ናቸው። እንዳይቀዳባቸው ጥርሳቸው ተሰብሮ ስለነበር ቀዳዳውን ወረቀት አኝኬ ደፈንኩት። አንዷን ለማባዛት ሙሉ ሰዓት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ቆርቆሮ ላይ አውጥቼ ፀሐይ አስመታዋለሁ። ሽፋኑን ራሴ ሳልኩት፣ በካርቦን ወረቀት አባዛሁት፤ መብረቅ፣ ወንዝ፣ መሃል ላይ ደግሞ እኔ፣ ፀጉሬ እስከ ትከሻዬ ወርዶ። የእውነቱ ፀጉሬ የቀበሌ ሰው ዓይን እንዳይገባ ሙልጭ ብሎ የተላጨ ነበር። የባንዱ ስም "የቦርከና ነጎድጓድ" ነው። ባንዱ እኔ ብቻ ነኝ።

ሰባቱን ለሰባት ሰው ሰጠሁ። ሳምንት ሳይሞላ ከአንዱ በቀር ሁሉም ተራ በተራ ወደ መጠገኛ ሱቄ ተመለሱ፣ ከነቴፑ። ሰው ሁሉ ቴፑ የተበላሸ መስሎታል፤ ጠጋኙ ደግሞ እኔ ነኝ። "ካሴትህ ቴፔን በላብኝ፣ እስቲ እየው" ይሉኛል። ልብስ ሰፊዋ ዘሀራ ደግሞ በሹክሹክታ፣ "ያ ሰውዬ ግን ዳነ ወይ?" ብላ ጠየቀችኝ።

በጣም ያናደደኝ ጓደኛዬ አሊ ነው። ሻይ ቤት አለው፣ ቤቱም ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ካሴቱን አንድ ቀን ከፈተና በሰው ፊት መለሰልኝ።

"ወንድሜ፣ ይሄን ይዘህ ሐኪም ጋ ሂድ።"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ደሜ ፈላ።

"ማሽላ እስኪታጨድ ድረስ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ያን ካሴት ስጠኝ ብሎ በገዛ አፉ ካልጠየቀኝ፣ ሁሉንም የሰርግ ዘፈን እቀዳባቸዋለሁ። ክራሩንም አምጥቼ ለሻይህ ማፍያ ማገዶ አደርገዋለሁ።"

"በዚህ ሁሉ ሰው ፊት?"

"በዚህ ሁሉ ሰው ፊት።"

እየሳቅሁ ነው የወጣሁት። ከበሩ ስርቅ ግን በቀጥታ ቤት ሄጄ ክራሩን ታቀፍኩት። በሕይወቴ የእኔ ብቻ የምለው ነገር ያ ክራር ነበር።

ጥቅምት አለቀ፣ የጠየቀኝ የለም። ስድስቱ ካሴቶች መደርደሪያዬ ላይ ናቸው። ሰባተኛው ያልተመለሰው ጨፋ ያለው አጎቴ ሁሴን ጋ ስለሆነ ነው። ማሽላው ወተት ከያዘ ጀምሮ እሱ ከወፍ መጠበቂያው ማማ አይወርድም። ያ ዓመት ከድርቁ በኋላ የመጀመሪያው ደህና አዝመራ ነው፤ ማሽላው ከሰው ቁመት አልፏል። ታዲያ ግሪሳ ወፍ መጣ። ግሪሳ እንደ ደመና መጥቶ የአንድ ሰው ማሳ እስከ ምሳ ሰዓት ይጨርሳል። ገበሬው ማማ ላይ ሆኖ በጅራፍና በጩኸት ያባርረዋል እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም።

ካሴቴን ራሴ ልሰብስብ ብዬ አንድ ጠዋት በእግሬ ወደ ጨፋ ወረድኩ። ጤዛው እስከ ጉልበቴ አረጠበኝ። ጥንቅሽ ቆርጬ እየመጠጥኩ ማሳው ውስጥ ስገባ፣ ከላይ የገዛ ድምፄ እየጮኸ ተቀበለኝ። ማማው ላይ ወጣሁ። አጎቴ ጅራፉን ይዞ፣ ቴፑን ጎኑ አስቀምጦ ቆሟል።

"አከም ጅርተ፣ እንዴት ነህ፣ ና ተቀመጥ" አለኝ። ድምፁ ዝግት ብሏል።

"ምን እያደረጉ ነው አጎቴ?"

"ግሪሳ ላባርርበት ነዋ። የእኔ ጉሮሮ ተዘጋ፣ ያንተ አይዘጋም።"

ሙሽሽ አልኩ። ያ ሁሉ ልፋት ለወፍ።

"ሸሸልዎት ታዲያ?"

"ሁለት ቀን ሸሸ። በሦስተኛው ለመደው። ትናንት አንዷ ቴፑ ላይ አርፋ ስትሰማ ነበር።"

"እና ድንጋይዎን ለምን ይጨርሳሉ?"

ማሳውን አሻግሮ እያየ፣ "ወፉስ ለመደው" አለ። "እኔ ነኝ ያለሱ መዋል ያቃተኝ። በዚያ ክፉ ዓመት ልጮህ እያማረኝ ጉልበቱ አልነበረኝም። ይሄ ልጅ ጮኸልኝ አልኩ።" ደሞ ፊቱን መለስ አደረገና፣ "ሁለተኛው ጎን ይበልጣል" አለኝ።

ወዲያው ከሚቀጥለው ማማ አንድ ሰው ተጣራ።

"ሁሴን፣ ገረገልቺ፣ ገልብጠው እንጂ። አለቀ እኮ።"

አጎቴ ገለበጠው። ያኔ የአራት ማማ ጠባቂ፣ ሰንብቶ ሲሰማው ዘፈኔን በቃሉ ይዞት ኖሮ፣ ከቴፑ ጋር አብሮ ማጓራት ጀመረ፤ አራት ጅራፍ ደግሞ በርሜሌን እየተከተለ ይጮሃል፣ አንዴም አልሳተ። ግሪሳ አንድ ቴፕ ይልመድ እንጂ አራት ማማ ሙሉ ሜታል አልለመደም። ከማሳው ላይ እንዳለ ተነስቶ ወደ አፋር ቆላ ነጎደ።

በገበያ ቀን የአጎቴ ጎረቤቶች፣ ሦስቱ የማማ ጠባቂዎች፣ የአሊን ሻይ ቤት በር ሞልተው ቆሙ።

"የሚያጓራውን ካሴት የሚሰጠው ልጅ የታለ? ለየራሳችን እንፈልጋለን።"

አሊ የሚቀዳው ሻይ ከብርጭቆው ሞልቶ ፈሰሰ። እኔ ከተቀመጥኩበት ጥግ ቀስ ብዬ ተነሳሁ፣ ልብሴን አራገፍኩ፣ "አሊ፣ ማገዶ ከሌላ ቦታ ፈልግ" አልኩት። ሦስቱን እነሱ፣ ሦስቱን ገበያተኛው ወስዶ ስድስቱም በዚያው ቀን ሄዱ። እስከ አጨዳ ድረስ ሳባዛ ከረምኩ፤ አሊም አንዷን ወስዷል።

ሁለተኛ ካሴት ለምን አላወጣህም የሚለኝ አለ። በዚያ ዓመት ጎታችን በማሽላ ሞላ፣ ጭንቅላቴን የማስገባበት ቦታ ጠፋ።

ዛሬ አንድም ካሴት የለኝም፣ ሁሉም ተሰምተው አለቁ። ልጄ በስልኳ ስትሰማ ከኋላዋ ቆሜ እሰማለሁ፤ ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ ግን ጅራፍ ይጎድላቸዋል። ካላመናችሁኝ ጨፋ ሮቢት ሂዱ። በገበያ ቀን ሂዱና ፀጉሩ የሸበተውን ሰው ሁሉ ጠይቁ። አጎቴም በሕይወት አለ፣ አልሐምዱሊላህ። ጆሮው ስለከበደ ጮክ ብላችሁ ጠይቁት። ማን እንዳከበደበት ግን እኔን አትጠይቁኝ።